የምርቃት ፎቶ ገጽ በስፌትና በጥለት እንዴት ይሠራል?

ስክራፕቡክ (ፎቶ በወረቀት፣ በክርና በጌጥ የሚዋብበት አልበም) እንደምሠራ የሚያውቁ ሰዎች የሚልኩልኝ ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ ያው አንድ ነው። «ፎቶዬ ለምን ተጨማደደ?» «ኮላው ለምን ጠርዝ ላይ ወጣ?» «ጥለቱን ስሰፋው ወረቀቱ ለምን ተቀደደ?» ለየአንዳንዱ መልስ ከምጽፍ አንድ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ነው። በመርፌ የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ ያልቃል፤ ፎቶ የሚጣበቀው ከስፌት በኋላ ነው፤ ጎርበጥ የሚል ጌጥ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይገባል። ስፌት ላይ ሳላችሁ ቀዳዳ ቢሳሳት በጥለት ወይም በወረቀት ይሸፈናል። ፎቶው ከተጣበቀ በኋላ የተሳሳተ ቀዳዳ ግን መሸሸጊያ የለውም።

የምንሠራው ገጽ

ምሳሌው የምርቃት ገጽ ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ለትምህርት ቤት መታወቂያ፣ ለሚኒስትሪ ፈተና፣ ለ12ኛ ክፍል ፎርም እየተባለ የተነሱት ጉርድ ፎቶዎች ትርፋቸው ተቀምጦ ይገኛል። ሦስቱን በዕድሜ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች እንደረድርና ከጎናቸው ትልቁን የጋውን ፎቶ እናስቀምጣለን። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች የተሰፋ ጥለት ይወርዳል።

ልኩ እንዲህ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠርዙን አንስተን 20.5 በ29 እናደርገዋለን። ያለዚያ ስፌትና ቁልፍ የተጨመረበት ገጽ የኤ4 ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ በግድ ነው የሚገባው፣ ሲገባም ጥጉ ይታጠፋል። በወርዱ ከግራ ስንነሳ 1 ሳንቲም ባዶ፣ 2.5 ጥለት፣ 0.5 ክፍተት፣ 11 ትልቁ ፎቶ ከነማቀፊያው፣ 0.5 ክፍተት፣ 4 ጉርዶቹ ከነማቀፊያቸው፣ 1 ባዶ። በቁመቱ ከላይ 2 ባዶ፣ 16 ፎቶዎቹ፣ 1 ክፍተት፣ 3.5 ርዕስ፣ 0.5 ክፍተት፣ 5 ጽሑፍ፣ 1 ባዶ።

ማቀፊያ የምለው ከፎቶው ሥር ገብቶ በዙሪያው ግማሽ ሳንቲም የሚታየውን ባለቀለም ወረቀት ነው። 10 በ15 የሆነው ፎቶ በማቀፊያው 11 በ16 ይሆናል፤ 3 በ4 የሆነው ጉርድ 4 በ5። ሦስት ጉርድ በሁለት የግማሽ ሳንቲም ክፍተት ከላይ ወደ ታች ሲደረደር 16 ይመጣና ከትልቁ ፎቶ ቁመት ጋር ልክ ይገጥማል። ይህን ልክ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሌላ መጠን ያለው ፎቶ ካላችሁ ድምሩ 20.5 እና 29 እስከሆነ ድረስ እንደፈለጋችሁ አከፋፍሉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- መደብ የሚሆን ነጭ ወይም ክሬም ኤ4 ወረቀት፣ ከ200 እስከ 300 ግራም (በካሬ ሜትር)። ከ200 ግራም በታች የሆነው ስፌት አይችልም።
- ለማቀፊያና ለርዕስ ባለቀለም ወረቀት፣ ከ120 ግራም ያላነሰ
- አንድ 10 በ15 እና ሦስት 3 በ4 ፎቶ፣ ሁሉም ቅጂ
- ጥለት፣ ከ2.5 በ27 ሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለ ቁራጭ
- የጥጥ ጥልፍ ክር፣ ከጥለቱ አንዱን ቀለም የሚከተል
- ሁለት መርፌ፦ አንዱ ለመብሳት፣ አንዱ ለመስፋት
- ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ ላጲስ
- አንድ ቅጠል ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ወረቀት (ካሬው 5 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለኩ)
- ቀጭን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር፣ ስቲክ ኮላ፣ ትንሽ ነጭ ኮላ፣ የጥርስ እንጨት
- ለጌጥ፦ አንድ ሁለት ቁልፍ፣ ቴምብር፣ የደረቀ አደይ አበባ፣ ያላችሁ ነገር
- የኤ4 ፕላስቲክ ኪስና ክላሰር

መሀል ከተማ ላይ ላለ ሰው ዕቃው ሩቅ አይደለም። ወፍራም ወረቀትና ፕላስተር አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉት የጽሕፈት መሣሪያና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ «ወፍራም ወረቀት» ብቻ ሳይሆን ግራሙን ጨምራችሁ ጠይቁ። ክር፣ ቁልፍና ዶቃ መርካቶ። ለጥለት አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሲቆርጡ የሚተርፋቸው ቁራጭ ይበቃል፣ ያረጀ ነጠላ ካላችሁ ደግሞ ከዚያ የተሻለ የለም። ቴምብር ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ይገኛል።

ወረቀቱ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ከወረቀቱ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ ግማሹን በመጽሐፍ ሸፍኑና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሁለት ሳምንት ተዉት። የተሸፈነውና ያልተሸፈነው ቀለሙ ከተለያየ ወረቀቱ ለአልበም አይሆንም። ጋዜጣ ቶሎ የሚጠቁረው በውስጡ ያለው የእንጨት ንጥረ ነገር፣ ሊግኒን የሚባለው፣ በብርሃንና በአየር ስለሚለወጥ ነው፤ ርካሽ ወረቀትም ያው ጠባይ አለው።

ፕላስቲክ ኪሱን ደግሞ አሽትቱት። አዲስ የመኪና ወንበር ዓይነት ኃይለኛ ሽታ ካለው ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ፒቪሲ ከጊዜ ጋር ፎቶ የሚጎዳ አሲድና ቅባታማ ነገር ያወጣል፣ ፎቶውም ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። ፖሊፕሮፒሊን የሚል የተጻፈበት ይሻላል።

የቱ ማጣበቂያ ለምን

ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ቀጭን ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ፎቶን ከማቀፊያ፣ ማቀፊያን ከመደብ ለማያያዝ ነው። ውኃ ስለሌለው ወረቀት አያጨማድድም። ጠባዩ አንዴ ከያዘ አለመልቀቁ ነው፣ ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ማስተካከል ግድ ነው። የጥቅልሉ ጎን ቢጫ የመታና የሚሙለጨለጭ ከሆነ ያረጀ ነው፣ አትግዙት።

ስቲክ ኮላ ወረቀት ለወረቀት ነው፤ ለርዕስ ፊደላትና ለትንንሽ ቁራጭ። ትልቅ ፎቶ በእሱ አታስይዙ፣ ሲደርቅ ከጠርዙ መነሳት ይጀምራል።

ነጭ ኮላ፣ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ለቁልፍ፣ ለዶቃና ለጨርቅ ነው። ውስጡ ውኃ ስላለ ወረቀት ላይ ሰፋ አድርጎ መቀባት ማለት ወረቀቱን ማርጠብ ማለት ነው፤ ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በመሃል ይጨማደዳል። በጥርስ እንጨት ጫፍ ጠብታ ጠብታ እያላችሁ ብቻ ተጠቀሙበት።

ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አንድ ነገር ከፍ ብሎ እንዲታይ ሲፈለግ ጥሩ ነው። በአንድ ገጽ አንድ ቦታ በቂው ነው፤ ከበዛ ክላሰሩ አይዘጋም።

የወረቀት ማዕዘን ሌላ ቅጂ ለሌለው ፎቶ የምመክረው ብቸኛ መንገድ ነው፤ ፎቶውን ማጣበቂያ ጨርሶ አይነካውም። 5 በ2.5 ሳንቲም የሆነ ወረቀት ረጅሙን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የላይኛውን ጠርዝ መሃል ያዙና የግራውንም የቀኙንም ግማሽ ወደ ታች አጥፉ፤ ሁለቱ መሃል ላይ ተገናኝተው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የፎቶው ጥግ ከሥር በኩል ይገባል፤ ማጣበቂያው የሚያርፈው በታጠፈው ጀርባ ላይ ብቻ ነው። አራት ጥግ፣ አራት ማዕዘን። የድሮ የቤተሰብ አልበም ከፍታችሁ ከሆነ ጥቁሮቹን አይታችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ወደ ፎቶ አታስጠጉ
- ማስቲሽ። ለጫማ ነው። ቢጫ እድፍ ያወጣል፣ ሽታውም ቤት ውስጥ ለመተንፈስ አደገኛ ነው።
- ሱፐር ግሉ። ሲደርቅ ነጭ ጉም ይተዋል፣ ወረቀቱንም ያደርቀውና ይሰብረዋል።
- በሽጉጥ የሚቀለጥ ትኩስ ኮላ። ሙቀቱ የፎቶውን ገጽ ያበላሻል፣ ጉብታውም ከኋላ ይታወቃል።
- ተራው ግልጽ ፕላስተር። ዓመታት ሲያልፉ ይበጫል፣ ማጣበቂያው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል።
- ገጹ ራሱ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ የሚለብስ አልበም። ፎቶው እየቆየ ሲሄድ ሳይቀደድ አይወጣም።

ቡና ነክሮ ወረቀት ማስረጀት አሁን በጣም ተይዟል። ያምራል፣ አልክድም፤ ግን ቡና አሲድ አለው። ከወደዳችሁት ፎቶ በማይነካበት ጥግ ብቻ ይሁን።

አሠራር

1. ቅጂ አሠሩ። ዋናው ፎቶ ወደ መሳቢያው ይመለስ። ጉርዶቹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አስደርጉ፤ 3 በ4 ፎቶ በዚህ ጥራት 709 በ945 ነጥብ ስለሚሰጥ ቢፈለግ በእጥፍ አድጎ ሊታተም ይችላል። ስካነር ካጣችሁ ደመና ባለበት ቀን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ለ10 በ15 ኅትመት ፋይሉ 1181 በ1772 ነጥብ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ለፎቶ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ መጠኑ ይቀንስና ኅትመቱ ይደበዝዛል።

ትርፍ ቅጂ ካላችሁ ጥጉን በእርጥብ ጣት ነካ አድርጉ። ቀለሙ ከለቀቀ የተራ ፕሪንተር ኅትመት ነው፤ በአካባቢው ነጭ ኮላም ሆነ እርጥብ እጅ አይድረስ። ፎቶን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙ፣ የእጅ ወዝ አሻራ ይተዋል።

2. ወረቀቱን ቁረጡ። መደቡን 20.5 በ29፣ አንድ ማቀፊያ 11 በ16፣ ሦስት ማቀፊያ 4 በ5። ከተሩን አንዴ ጠንክሮ ከመጫን ይልቅ ቀለል አድርጎ ሁለት ሦስቴ መመላለስ ጠርዙን ጥርት ያደርገዋል። የብረት ማስመሪያ ያልኩት ከተር የፕላስቲኩን ጠርዝ ስለሚበላና መስመሩ ስለሚዛባ ነው። ከሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፉ፤ ማስመሪያውን የያዙ ጣቶች ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይግቡ። ምላጩን ከልጆች እጅ አርቁ።

3. ጥለቱን አዘጋጁ። ጥለት ሲቆረጥ ክሩ ይተረተራል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የምትቆርጡበትን መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ መስመሩ ላይ ነጭ ኮላ በጣት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ መሃል ለመሃል ቁረጡ። ኮላው የድርና ማጉን ጫፍ አስሮ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግልጽ ስለሚሆን አይታይም። ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ካለው አስቀድማችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ጌጡ ከፎቶ ራቅ ብሎ ይሰፋ ወይም ይቀየር። የጥልፍ ክሩንም እንደዚሁ ፈትኑት።

4. ሳታጣብቁ ደርድሩ። ሁሉንም ነገር መደቡ ላይ በየቦታው አስቀምጡና በስልክ አንሱት። ስክሪን ላይ ሲታይ የተጣመመውና የተጨናነቀው ቶሎ ይለያል። ሦስቱ ጉርዶች ፊታቸው ወደ ትልቁ ፎቶ የሚያይ ከሆነ ደስ ይላል፤ ወደ ውጭ የሚያይ ካለ ተዉት፣ ፎቶውን አትገልብጡ፤ የፀጉር ክፍሉ ይዞርና የተመራቂዋ እናት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ከዚያ የየአንዱን ጥግ በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጋችሁ ሁሉንም አንሱ።

5. ቀዳዳውን ብሱ። ጥለቱን በቦታው ለማቆም መሃል ለመሃሉ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር አስገቡ። ከመርፌ በፊት ማጣበቂያ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው፤ መርፌው የሚያልፈው በጠርዙ በኩል ስለሆነ አይነካውም። መርፌ ማጣበቂያ ውስጥ ካለፈ ይጣበቅበትና ክሩን ያደናቅፋል።

ከደብተሩ ወረቀት ላይ ጥለቱን የሚሸፍን ቁራጭ ቆርጣችሁ ከላይ አድርጉ። በመሃላቸው አራት ካሬ ያላቸውን ሁለት መስመሮች ምረጡ፤ ስፋታቸው 2 ሳንቲም ስለሆነ ከጥለቱ ጠርዝ በእያንዳንዱ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ገባ ይላሉ። በየካሬው ጥግ አንድ ቀዳዳ፣ ማለትም በየ5 ሚሊ ሜትሩ። አንድ ጎን ብቻ ከ50 በላይ ቀዳዳ አለው፣ ሬዲዮ ክፈቱ። ከሥር በአራት የታጠፈ ፎጣ ወይም ያረጀ የነጠላ ጫማ ሶል አድርጉ፣ መርፌው ጠረጴዛ ሳይነካ እንዲሰምጥ።

የመብሻውን መርፌ ክር ማስገቢያ በኩል ላጲስ ውስጥ ሰክታችሁ እጀታ አድርጉት፤ ያለዚያ ከአሥረኛው ቀዳዳ በኋላ ጣት ያቃጥላል። ወስፌ ለዚህ አይሆንም፣ ለስፌድ እንጂ ለወረቀት ወፍራም ነው። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱ፤ ካዘነበለ የኋላው ቀዳዳ ከመስመር ይወጣል።

ክፍተቱን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች አታድርጉ። የተጠጋጋ ቀዳዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ነው፣ ወረቀቱ በዚያው ተከትሎ ይቀደዳል።

6. ስፉ። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ተገምዶ የተሠራ ነው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ለዩ፤ ስድስቱም ከገባ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ርዝመቱ 45 ሳንቲም ገደማ ይብቃ፤ ከዚያ ከረዘመ ይጠላለፋል፣ ወረቀቱ ላይ ብዙ በተመላለሰ ቁጥርም ይሻክራል።

ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄደውን ስፌት ተጠቀሙ፣ ፊት ለፊቱ ያልተቆረጠ መስመር ይሰጣል። መርፌው ከሥር በ2ኛው ቀዳዳ ይወጣል፣ በ1ኛው ይገባል፤ ከሥር በ3ኛው ይወጣል፣ በ2ኛው ይገባል፤ በ4ኛው ይወጣል፣ በ3ኛው ይገባል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ወጣ ገባ የሚለው ተራ ስፌትም ይሆናል፣ ፈጠን ይላል፣ መሃል መሃሉ ግን ባዶ ይሆናል።

ጫፉን አትቋጩ። ቋጠሮ ከወረቀቱ ጀርባ ጉብ ብሎ ይቀርና በክላሰሩ ውስጥ ቀጥሎ ያለውን ፎቶ ይጫናል። በምትኩ 3 ሳንቲም ክር ከጀርባ ተዉና በስቲክ ኮላ በተቀባ ትንሽ ወረቀት ሸፍኑት። ክሩን ስትጎትቱ ከወረቀቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሁን፣ ወደ ጎን ከተሳበ ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል። ወረቀቱ ጎበጥ ካለ አጥብቃችሁታል፤ ክሩ ወረቀቱ ላይ መተኛቱ ይበቃል።

የስፌት መኪና ያላችሁ የስፌቱን ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ወደፊትና ወደኋላ አትመላለሱ፣ ወረቀቱ ይበጠሳል፤ ክሩን አስረዝማችሁ ተዉና ከጀርባ አስይዙት። ወረቀት መርፌ ያደንዛል፤ ይህን የሰፋ መርፌ ለልብስ አትመልሱት።

በትልቁ ፎቶ ሥር ስፌት አይለፍ። ገጹ በክላሰር ውስጥ ተጭኖ ሲቆይ የክሩ መስመር በፎቶው ላይ ታትሞ ይወጣል። ጥለቱን ከፎቶው ግማሽ ሳንቲም ያራቅነው ለዚህ ነው።

7. ፎቶዎቹን አጣብቁ። መጀመሪያ ፎቶ ከማቀፊያው ጋር፣ ከዚያ ማቀፊያው ከመደቡ ጋር። ከፎቶው ጀርባ አራቱን ጠርዝ ተከትላችሁ ፕላስተሩን ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ገባ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ማጣበቂያው ወጥቶ አቧራ ይይዛል። በትልቁ ፎቶ መሃል ደግሞ አንድ ቁራጭ ጨምሩ፣ እንዳይነፋ።

መከላከያ ወረቀቱን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትላጡ። ከየቁራጩ 2 ሳንቲም ብቻ ላጡና ወደ ውጭ አጥፉት። ፎቶውን በምልክቱ ላይ አስቀምጡ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ እርግጠኛ ስትሆኑ የታጠፈውን ጫፍ ይዛችሁ ከሥር ሳቡ። ከዚያ ንጹሕ ወረቀት ከላይ አድርጋችሁ ከመሃል ወደ ጠርዝ በእጃችሁ ዳብሱት። ትልቁን መጀመሪያ አስቀምጡ፤ ጉርዶቹን ከእሱ የላይና የታች ጠርዝ ጋር ታስተካክላላችሁ። መሃለኛው መጨረሻ ይገባል።

8. ርዕስ። ገበያ ላይ የሚገኘው የፊደል ስቲከር የላቲን ነው፤ የእኛን ፊደል መቁረጥ ግድ ይላል። «ተመረቀች» አምስት ፊደል ነው፤ ያለን ቦታ 15.5 ሳንቲም ስለሆነ እያንዳንዱ እስከ 3 ሳንቲም ሊሰፋ ይችላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ኢብሪማ የተባለ የፊደል ዓይነት ቦልድ አድርጉና በመጠን 120 አካባቢ ጀምራችሁ እየለካችሁ አስተካክሉ። ቀጭን ፊደል አትምረጡ፣ እግሩ ሲቆረጥ ይሰበራል። ጽሑፉን ግራና ቀኝ ገልብጣችሁ በባለቀለሙ ወረቀት ጀርባ አሳትሙ፤ ሲቆረጥና ሲዞር ፊት ለፊቱ ቀጥ ይላል፣ የኅትመቱ መስመርም ከኋላ ይቀራል።

እንደ «መ» እና «ቀ» ያሉ ውስጣቸው ክብ ያላቸውን ፊደሎች መጀመሪያ ውስጡን በከተር አውጡ፣ ዙሪያውን በኋላ ቁረጡ። በተቃራኒው ከሆነ የምትይዙት ወረቀት ስለማይኖር ፊደሉ ይጣመማል። በእርሳስ ቀለል ያለ መስመር አስምራችሁ በስቲክ ኮላ ለጥፉ።

9. ጻፉ። በ5 ሳንቲሙ ቦታ በ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስድስት መስመር ይገባል። ሙሉ ስም ከነአባት፣ ቀን፣ ቦታ፣ ፎቶውን ያነሳው ሰው፣ ከዚያም ፎቶው የማያሳየው አንድ ነገር፦ ጋውኑ ከማን ተውሶ እንደመጣ፣ ዝናብ ዘንቦ እንደነበር። «እታለም» ወይም «ጋሼ» ብሎ መተው አያዋጣም፤ የቤት ስሙን ጻፉና ከጎኑ መዝገብ ስሙን ጨምሩ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ የትኛዋ እታለም እንደሆነች አያውቅም።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ስልክ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተነሳ ፎቶ ስልኩ ላይ 2024 ይላል። አንዱን ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካላላችሁ ነገ የዕድሜ ክርክር ይነሳል።

እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጎዳጉዳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ፒግመንት ቀለም (በውኃ የማይሟሟ የቀለም ብናኝ) ያለው ቀጭን ብዕር ፈልጉ። ስለ ብዕሩ ከተጠራጠራችሁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በእርጥብ ጣት አሹ፤ ካልፈሰሰ ይሆናል። በፎቶው ጀርባ ላይ ግን ምንም አትጻፉ።

10. ጌጡን አስገቡ። ከሦስት አትለፉ። ሁለቱን ርዕሱ አጠገብ፣ አንዱን በተቃራኒው ጥግ ብታደርጉ ገጹ አይዘነብልም። ቁልፍ በነጭ ኮላ ይያዛል ወይም፣ ስፌቱ ላይ ሳላችሁ ካሰባችሁበት፣ ይሰፋል። ወርቀዘቦና ብረት ነክ ነገር ከፊት ለፊቱ ካለው ገጽ ፎቶ ጋር እንዳይገናኝ አስቡ፣ ይቧጭራል።

አደይ አበባ በመስከረም ለቅማችሁ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። ሲነካ እንደ ወረቀት ኮሽ ካላለ ገና እርጥብ ነው፤ እርጥቡ ገጽ ላይ ከገባ ሻጋታ ያመጣል። ደርቆም ፎቶ አይንካ።

ትኬትና ደረሰኝ ማስገባት የምትወዱ፣ ካፌና ሱፐርማርኬት የሚሰጡት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ጽሑፉ ይጠፋል። ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ቅጂውን ለጥፉ።

11. ተጭኖ ይደር። ኮላ ከደረቀ በኋላ ገጹ ላይ ንጹሕ ወረቀት፣ በላዩም መጻሕፍት አድርጋችሁ አሳድሩ። ቁልፍ ያለበትን ቦታ አትጫኑ። የእርሳስ ምልክቱን ጠዋት በላጲስ አንሱ። ከዚያ ወደ ኪሱ ይግባ፤ ከገጹ ጀርባ አንድ ንጹሕ ወረቀት አስገቡ፣ የክሩ ጀርባ የጎረቤቱን ገጽ እንዳይነካ። ክላሰሩን አቁማችሁ አስቀምጡ። በክረምት ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ መደርደሪያና አልጋ ሥር አይሆኑም፤ እርጥበት ይገባቸዋል። ቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታም ቀለም ያደበዝዛል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ወረቀቱ ጎብጧል። ክሩ ጠብቋል ወይም ነጭ ኮላ በዝቷል። የመጀመሪያው ከሆነ ከጀርባ መርፌ አስገብታችሁ ስፌቱን አንድ በአንድ አላሉት። ሁለተኛው ከሆነ ሁለት ቀን ከባድ ነገር ጫኑበት፤ ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም ይሻሻላል።

ቀዳዳው ከመስመር ወጥቷል። ወረቀቱን ገልብጡና ቀዳዳውን በጥፍር ጀርባ ቀስ ብላችሁ አሹት፤ የተገፋው ወረቀት ተመልሶ ይዘጋል። አዲሱን ከጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ብሱ።

ፎቶው ላይ ነጭ ኮላ ነክቷል። አትጥረጉት፣ ይሰፋል። ይድረቅና በጥፍር ጠርዙን ሞክሩ፤ ካልተነሳ ትርፉን ቅጂ አውጡ። ቅጂ አሠሩ ያልኩት ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ገጹ ተጨናንቋል። የመጨረሻውን የጨመራችሁትን ጌጥ አንሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ፎቶው ጠሞ ተጣብቋል። አትላጡት፣ ጥጉ ይታጠፋል፣ ገጹም ይሰነጠቃል። ጠንካራ የስፌት ክር 40 ሳንቲም ቁረጡ፣ ሁለቱን ጫፍ በጣት ጠምጥማችሁ ያዙ፣ ክሩን ከማቀፊያው ሥር በአንዱ ጥግ አስገቡና ግራና ቀኝ እያላችሁ ወደ ተቃራኒው ጥግ ሳቡት። ክሩ ፕላስተሩን እየቆረጠ ያልፋል። መደቡ ላይ የቀረውን ማጣበቂያ በጣት ጠቅልላችሁ አንሱ፣ አዲስ ፕላስተር ለጥፉ፣ ይህን ጊዜ መከላከያውን ሳትስቡ በፊት ሁለቴ ለኩ።